ሥራ ጎድሎን አያውቅም፦ የሴቶች ንግድ፣ ቁጠባና ሥልጠና ታሪክ



በዚህ እትም የመጻፍ ተራው የደረሰው የእኛ ቡድን ነው። እንደምታውቁት ማኅበራችን በቅርቡ አዲስ ዙር የንግድ ሥራ ሥልጠና ይጀምራል። በዝግጅት ስብሰባው ላይ ከእናቶቻችን አንዷ ያነሡት ጥያቄ ግን አልለቀቀንም። «የምስክር ወረቀቱ በየግድግዳችን ተሰቅሏል፤ ከእነዚህ ሁሉ ኑሯችንን የለወጠው የትኛው ነው?» ነበር ያሉት። ጥያቄው ማንንም ለመውቀስ የቀረበ አልነበረም። መልስ ግን ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ሥልጠናው የአባላትን ጊዜና የደጋፊዎችን ገንዘብ ይወስዳል።

መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ተመልሰን የሴቶችን የሥራና የገንዘብ ታሪክ መመልከት ግድ ሆነብን። ያየነውን በአጭሩ ብንናገር እንዲህ ነው፦ የኢትዮጵያ ሴት ሥራ ጎድሏት አያውቅም። የጎደላት የሠራችው ነገር ባለቤት መሆን ነው። ይህን የሚረዳ ሥልጠና ይጠቅማል፤ የማይረዳው ግን ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

የጥንቱ ይዞታ

ብዙ ሰው «ድሮ ሴት ምንም መብት አልነበራትም» ይላል። ነገሩ እንዲህ በአንድ ቃል የሚዘጋ አይደለም። በአማራው አገር የርስት ሥርዓት ሰው ርስቱን የሚቆጥረው በአባቱም በእናቱም ወገን ነበር፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ የርስት ድርሻዋን መጠየቅ ትችል ነበር። በጎንደርና በአካባቢዋ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ በወንጌል መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ተጽፈው የተገኙ የመሬት ሽያጭና የክርክር መዝገቦች ሴቶች መሬት ሲሸጡ፣ ሲገዙ፣ ሲያወርሱና በዳኛ ፊት ቆመው ሲከራከሩ ያሳያሉ። የሰማንያ ጋብቻም ባልና ሚስት ያፈሩትን ሀብት እኩል የሚካፈሉበት ውል ነበር።

ነገር ግን መብቱ በወረቀትና በዳኛ ፊት ቢኖርም ሞፈርና ቀንበር የወንድ ሥራ ተደርጎ ተወሰደ። በሬ ጠምዳ ማረስ ለሴት ነውር ነው ተባለ። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታችው ሴት መሬት ቢኖራትም ለሌላ ሰው የእኩል ትሰጣለች፤ ከምርቱም ግማሹ ይሄዳል። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ የጎደላት ዕውቀት አይደለም። ዘሩን፣ ወቅቱን፣ አፈሩን ታውቃለች። መሬቱ በስሟ ሆኖ ሳለ መሣሪያው ግን በእጇ አልነበረም። ይህ ነገር መልኩን እየለወጠ እስከ ዛሬ ይመጣል።

ከጓዳ የወጣ ገበያ

እርሻው ወደ ወንዱ ሲያጋድል ሴቷ ገበያውን ያዘች። ጥጥ ፈትላ ለሸማኔ ትሰጣለች፤ ጠላና አረቄ ትጠምቃለች፤ ቅቤ ትንጣለች፤ በርበሬ ትደልዛለች፤ እንጀራ ትጋግራለች፤ ቅርጫትና መሶብ ትሰፋለች፤ እንስራ ትሠራለች። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ለመጣው ሠራተኛ፣ ወታደርና ነጋዴ እንጀራውንና መጠጡን ያቀረቡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ከየገጠሩ፣ ከተበላሸ ትዳርና ከድህነት ሸሽታ ወደ ከተማ የገባች ሴት መጀመሪያ የምትይዘው ሥራ ከጓዳዋ የምታውቀውን ነበር።

ጉልትም ከዚሁ የተወለደ ነው። በመንገድ ዳር ጆንያ አንጥፋ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን፣ ቲማቲሙን መደብ መደብ አድርጋ የምትሸጠው ሴት ሱቅ የላትም፣ ፈቃድ የላትም፣ በመዝገብም አትታይም። የሰፈሩ ሰው ግን ራቱን የሚበላው በእሷ ምክንያት ነው። ዱቤ የምትሰጠው እሷ ናት፤ የማን ደመወዝ መቼ እንደሚወጣ የምታውቀው እሷ ናት፤ ማን ከፍሎ ማን እንደቀረበት ሳትጽፍ በቃሏ ትይዛለች።

ይህ ሁሉ ሥራ ሁለት ደካማ ጎኖች ነበሩት። አንደኛው የጓዳው ብርና የንግዱ ብር በአንድ መቀነት መታሰራቸው ነው። ልጅ ሲታመም፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ዓመት በዓል ሲደርስ የሚወጣው ገንዘብ ከዋናው ነው። እናቶቻችን «ዋናውን በላነው» የሚሉት ይህን ነው። ዋናው ካለቀ በኋላ ያለው መንገድ አራጣ አበዳሪ ቤት ያደርሳል።

ሁለተኛው የገዛ ጉልበትን አለመቁጠር ነው። እንጀራ የምትሸጥ ሴት የጤፉን ዋጋ ታሰላለች፤ የማገዶውን ወይም የመብራቱን ግን ብዙ ጊዜ ትረሳለች፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ ምጣድ ላይ የቆመችበትን ሰዓት ደግሞ ጨርሶ አታስበውም። ጉልበቷ ነጻ ስለሆነ ያተረፈች ይመስላታል። ለሌላ ቤት ተቀጥራ ብትጋግር ይከፈላት የነበረውን ደመወዝ ከሒሳቡ ብትቀንስ ግን አንዳንድ ጊዜ ትርፉ ከናካቴው አይገኝም። በማኅበራችን ስብሰባዎች ይህን ሒሳብ በጋራ በሠራን ቁጥር ዝምታ የሚወርደው በዚህ ቦታ ላይ ነው።

ዕቁብ፣ የራሳችን ባንክ

ባንክ በማይቀበላት ዘመን ለሴት ነጋዴ ባንክ የሆናት ዕቁብ ነው። በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ተዋጥቶ፣ ዕጣ ወጥቶ፣ ለባለ ዕጣዋ ሙሉው ይሰጣል። ሰብሳቢ አለ፤ ጸሐፊ አለ፤ ዕጣ የደረሳት ቀሪውን እንድትከፍል ዋስ ትጠራለች። ወለድ የለም። የቤት ካርታ አይጠየቅም። መያዣው የሰው ስም ነው። ዕድሩ በሐዘን ጊዜ ከዋናው ገንዘብ እንዳይነካ ሲጠብቅ ዕቁቡ ዋናውን ያሳድግ ነበር። ሁለቱም ማንም ከውጭ ሳይመጣ ሕዝቡ ራሱ ያቆማቸው ናቸው።

ዕቁብ ግን ገደብ አለው። ዕጣው ቀድሞ የወጣላት ያለ ወለድ እንደተበደረች ነው፤ መጨረሻ የደረሳት ግን ያለ ወለድ ስታበድር እንደኖረች ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ሥራው በሚፈልገው ቀን ሳይሆን ዕጣው በፈቀደው ቀን ነው። ዙሩ ሲያልቅም ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል፤ በጋራ የሚቀር ጥሪት የለም። በኋላ የመጡት የቁጠባና ብድር ማኅበራት እንዲሁም የራስ አገዝ ቡድኖች የሞሉት ይህን ክፍተት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ማኅበራትና የ1952ቱ ሕግ

እቴጌ መነን በ1924 ዓ.ም በስማቸው የሚጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1927 ዓ.ም ደግሞ በእሳቸው የበላይ ጠባቂነት የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ የኢጣልያ ወረራ መጣ፤ የማኅበሩ ሴቶችም ለቁስለኛ የሚሆን ፋሻ ወደ ማዘጋጀት ዞሩ። ከነጻነት በኋላ ማኅበሩ እንደገና ተቋቁሞ የሕፃናት ማቆያና የእጅ ሥራ ማስተማሪያ ከፈተ። ስፌት፣ ጥልፍና ሽመና ያስተማረው የዚያ ዘመን ሥልጠና ብዙ ሴቶችን በሙያቸው እንዲኖሩ ረድቷል። ሆኖም ሥራው የሚታየው እንደ ምጽዋት ነበር። ባለጸጋዋ ትሰጣለች፣ ችግረኛዋ ትቀበላለች፤ የተሰፋው ጨርቅ በስንት ይሸጣል፣ ትርፉስ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ዋናው ነገር አልነበረም።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በብዙ ነገር ዘመናዊ ነበር። በጋብቻ ጉዳይ ግን በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ ራስ አደረገው፤ ሚስትም በሕጋዊ ትእዛዙ ሁሉ እንድትታዘዘው ደነገገ። ሚስት የራሷን ደመወዝና ገቢ እንድታስተዳድር ቢፈቅድላትም ሌላውን የጋራ ሀብት የማስተዳደር ሥልጣን ለባል ሰጠ። አንዱ ተጋቢ የሚሠራውን ሥራ ሌላው ለቤተሰቡ ጥቅም ሲል ሊቃወም እንደሚችልም ተጻፈ። በወረቀት ላይ ይህ መቃወም ለሁለቱም እኩል የተሰጠ ነው። በቤት ውስጥ ማን ማንን ይቃወም እንደነበር ግን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ብድር ፈልጋ ባንክ የሄደች ሴት ቤቱም መሬቱም በባሏ አስተዳደር ሥር ከሆነ ምን መያዣ ታቀርባለች? «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ሰዎች የጥንት አባባል ብቻ አድርገው ያዩታል፤ ለአርባ ዓመት ያህል ግን መንፈሱ በሕግ መጽሐፍ ውስጥም ኖሯል።

የደርግ ዘመን፦ ፊደልና መሬት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጢሰኝነትን አስቀረ። ለጭሰኛ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነበር። መሬቱ በገበሬ ማኅበር ሲከፋፈል ግን የሚመዘገበው በአባወራው ስም በመሆኑ ያገባች ሴት ድርሻ በባሏ ስም ውስጥ ተሰወረ። ስትፋታ ወይም ሌላ ስትደረብባት ምን እንደሚደርሳት የሚያሳይ ወረቀት አልነበራትም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ እስከ ቀበሌ ድረስ ወርዶ ሴቶችን አደራጀ፤ የእጅ ሥራ የኅብረት ሥራ ማኅበራትንም አቋቋመ። ከላይ የተመሠረተ በመሆኑ ግን ብዙ ጊዜ የመንግሥት መልእክት ማስተላለፊያ ሆነ፤ መንግሥቱ ሲወድቅም አብሮ ወደቀ። ከዚያ ዘመን ለእኛ ትልቁ ቅርስ በሐምሌ 1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይመስለናል። ፊደል የቆጠሩ እናቶች ስማቸውን ፈረሙ፣ የዕቁቡን ደብተር ራሳቸው አነበቡ። ሌላ ሰው በሚጽፍላት ደብተር የምትነግድ ሴት ንግዷ ሙሉ በሙሉ የእሷ አይደለም። ብዙዎቹ ያኔ የተማሩትን ፊደል በኋላ ረስተውታል፤ በማኅበራችንም ቁጥር መጻፍ ከብድር በፊት እንዲቀድም የወሰንነው ይህን ስላየን ነው።

ሕጉ ሲለወጥ

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የመቆጣጠር፣ የመጠቀምና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የባልን የቤተሰብ ራስነት ሰረዘ፤ የጋራ ሀብትንም ባልና ሚስት በጋራ እንዲያስተዳድሩ አደረገ። ለዚህ ለውጥ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ብዙ እህቶች ታግለዋል።

የፌዴራሉ ሕግ መጀመሪያ የሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነበር፤ ክልሎች የየራሳቸውን ሕግ ያወጡት በተለያየ ጊዜ ነው። ይህ ልዩነት ሳይታሰብ ማነጻጸሪያ ሆነ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ሕጉ ቀድሞ የተለወጠባቸውን ቦታዎች ገና ካልተለወጠባቸው ጋር ሲያስተያዩ፣ ቀድሞ በተለወጠበት ቦታ ሴቶች ከቤት ውጭ፣ ዓመቱን ሙሉ በሚዘልቅና የተሻለ ሙያ በሚጠይቅ ሥራ ላይ በብዛት ተገኝተዋል። አንድ ሰው እንኳን ሥልጠና ሳይሰጥ ሕግ ብቻ ተለውጦ ሥራ ተለወጠ ማለት ነው።

የገጠሩም እንዲሁ ነው። በአማራ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀመር በደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ሰፈረ፣ ፎቶግራፋቸውም ተለጠፈ። አንዲት ትንሽ ፎቶግራፍ በአባወራው ስም ተሰውሮ የኖረውን ድርሻ አወጣችው።

ብድር፣ ቁጠባና ከአህመዳባድ እስከ አዳማ

ገንዘቡስ? በ1988 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 40/1988 አነስተኛ ብድር የሚሰጡ ተቋማት በሕግ እንዲቋቋሙ በር ከፈተ። ሴቶች በቡድን ተዋስነው መበደር ጀመሩ። ካርታ የሌላት ሴት በጎረቤቷ ዋስትና ገንዘብ ማግኘቷ ትልቅ ነገር ነበር። ሆኖም ብድር ከቁጠባና ከሒሳብ በፊት ሲመጣ ዕዳ ይሆናል። አንዷ ስትወድቅ ሌሎቹ ሲከፍሉ ዝምድና ይበላሻል፤ ብሩን አንዳንዴ ባል ይወስደዋል፣ ፊርማው ግን የሚስት ሆኖ ይቀራል።

በዚያው ጊዜ ገደማ፣ በ1989/90 ዓ.ም፣ ዋይዝ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው ድርጅት በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ድርጅቱ በጉልትና በመሰል ሥራ የሚኖሩ ሴቶችን በራሳቸው የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት አደራጅቶ ሥልጠናውን ከቁጠባው ጋር አጣመረ። ሴቷ ተበዳሪ ብቻ ሳትሆን የማኅበሩ ባለቤት ሆነች።

የዚህ ሐሳብ እህት በህንድ አገር አለች። እ.ኤ.አ. በ1972 በአህመዳባድ ከተማ ኤላ ባት የተባሉ የሠራተኞች የሕግ ባለሙያ በየመንገዱ የሚሸጡትን፣ ሸክም የሚሸከሙትን፣ በቤታቸው የሚሰፉትን ሴቶች አሰባስበው ሴዋ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ባንኮች አባላቱን አንቀበልም ሲሉ እ.ኤ.አ. በ1974 4,000 ሴቶች እያንዳንዳቸው 10 ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ ከፈቱ። አብዛኞቹ መፈረም ስለማይችሉ ባንኩ በፎቶግራፋቸው ለይቶ ያስተናግዳቸው ጀመር። የኢትዮጵያ ይዞታ ደብተር ላይ ያየነው ፎቶግራፍ እዚያም ተመሳሳይ ሥራ ሠራ፤ ፊደል ያልቆጠረችውን ሴት ባለ ሒሳብ አደረጋት።

እኛ ዛሬ የምንሠራበት የራስ አገዝ ቡድን አሠራርም ከህንድ ነው የመጣው። ማይራዳ የተባለው ድርጅት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በደቡብ ህንድ ያዳበረውን ይህን አሠራር ግብረ ሰናይ ድርጅቶች በ1994/95 ዓ.ም ወደ አገራችን አመጡት፤ ከቀደሙት ቡድኖች ጥቂቶቹ የተመሠረቱት በአዳማ ከተማ ነበር። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ ይገናኛሉ። ጥቂት ሳንቲም ወይም ብር ይቆጥባሉ። የተጠራቀመውን እርስ በርስ ይበዳደራሉ፤ የወለዱ ትርፍ ለራሳቸው ነው። መሪነቱ በተራ ነው። ብዙ ቡድኖች ተያይዘው ኅብረት ይመሠርታሉ፤ ኅብረቶቹ ደግሞ ፌዴሬሽን። ከውጭ ገንዘብ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ሥልጠናና ክትትል ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቻችን «ምን ሊሰጡን ነው?» ብለን ነበር የመጣነው፤ ምንም እንዳልሰጡን የገባን የራሳችን ገንዘብ ከተጠራቀመ በኋላ ነው። ዕቁብን ያደጉበት እናቶች አሠራሩ አልከበዳቸውም፤ ልዩነቱ ዙሩ አለማለቁና ጥሪቱ አለመበተኑ ነው።

የሥልጠናው የራሱ ታሪክ

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። «የንግድ ክህሎት ሥልጠና» የምንለው ነገርም የራሱ ታሪክ አለው፤ መጀመሪያም ለእኛ ታስቦ አልተሠራም።

አንደኛው ዘር ሒሳብና አያያዝን የሚያስተምረው ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የስዊድን አሠሪዎች ማኅበር ለአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች ያዘጋጀውን ትምህርት ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ለታዳጊ አገሮች አስማምቶ አሰራጨው። ዋጋ ማውጣት፣ ወጪና ገቢ መመዝገብ፣ ዕቃ መቆጣጠር፣ ዕቅድ ማውጣት የምንማረው በአብዛኛው ከዚያ ነው።

ሁለተኛው ዘር ጠባይንና ተነሳሽነትን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ማክሌላንድ በህንድ ካኪናዳ ከተማ ነጋዴዎችን ሰብስበው አዲስ ዕድል ስለመፈለግ፣ ግብ ስለማስቀመጥና ስለ ጽናት አሠለጠኑ። ከዚያ የተወረሰው ኤምፕሬቴክ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት አሠራር ወደ ብዙ አገር ተስፋፋ፤ በ2005 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ሥራ የጀመረው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከልም በአገራችን ይህንኑ ይዞ አሠልጥኗል።

የትኛው ይሻላል? በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ በ1,500 አነስተኛ ንግዶች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጥቷል። ተነሳሽነትን ያስተማረው ሥልጠና ትርፍን በአማካይ በ30 በመቶ ሲያሳድግ የተለመደው የሒሳብ ሥልጠና ውጤት 11 በመቶ ብቻ ሆነ፤ እሱም በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን የሚችል ነው። በሴቶች ዘንድ ልዩነቱ የበለጠ ሰፍቶ ተገኘ።

ይህን ሰምቶ «እንግዲህ ሒሳቡን እንተወው» ማለት ግን አይገባም። በስሪላንካ የተደረገ ሌላ ጥናት ጥንቃቄ ያስተምራል። እዚያ ሥልጠና ብቻ የወሰዱ በሥራ ላይ ያሉ ሴቶች አሠራራቸውን አሻሻሉ፣ ትርፋቸው ግን አላደገም። ሥልጠናውን ከገንዘብ ድጋፍ ጋር ያገኙት በመጀመሪያዎቹ ወራት በደንብ አተረፉ፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ብልጫው ጠፋ። ሥልጠና ብቻውን በቂ አይደለም፤ ገንዘብ ሲጨመርበት እንኳ ተከታትሎ የሚቆም ከሌለ ውጤቱ ይከስማል። የእናታችን ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ነው።

መካከል ላይ የቀሩት

ሥራዋ ያደገላት ሴት ደግሞ ሌላ አጥር ይገጥማታል። የቡድን ብድሩ ያንሳታል፤ የባንኩን መያዣ ግን አትችልም። ከሁለቱ መካከል ትቀራለች። በ2005 ዓ.ም በሴቶች መሥራችነት ሥራ የጀመረውና አብዛኞቹ ባለ አክሲዮኖቹ ሴቶች የሆኑት እናት ባንክ መያዣ ለሌላቸው ሴቶች የዋስትና ፈንድ ያቋቋመው ይህን አይቶ ነው። በዚያው ዘመን የተጀመረው የሴቶች ኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ፕሮጀክትም በአዲስ አበባ፣ በመቀሌ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ፣ በአዳማና በድሬዳዋ ለእንዲህ ያሉ ሴቶች ሥልጠናና በግል የሚወሰድ ብድር አቀረበ። ከተሳተፉት ተቋማት አንዳንዶቹ በቤት ካርታ ፋንታ የተበዳሪዋን ጠባይና የመክፈል ፍላጎት በመጠይቅ መመዘን ሞክረዋል። ዕቁብ ሰብሳቢ ከጥንት ጀምራ በዓይኗ ስትመዝን የኖረችውን ባንክ በወረቀት መመዘን ጀመረ ብንል አንሳሳትም።

ወደ ዐረብ አገር ሄደው የተመለሱትን እህቶቻችንንም እዚህ ላይ ማስታወስ አለብን። ለዓመታት በሰው ቤት ደክመው የላኩት ገንዘብ በሌላ ሰው ስም ቤት ሆኖ፣ ወይም ድግስና ዕዳ ሆኖ ያገኙት አሉ። ሠርቶ ማግኘትን ከእነሱ በላይ የሚያስተምር የለም። ያጡት በስማቸው የተከፈተ ደብተር ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ለመጪው ሥልጠና አራት ነገሮች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ሥልጠናው ከቁጠባ ይከተል እንጂ አይቅደም። የምትሠለጥን አባል ቢያንስ ለጥቂት ወራት ከቡድኗ ጋር የቆጠበች ትሁን። የምትማረውን የምትሞክርበት የራሷ ገንዘብ ያኔ ይኖራታል።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ትምህርት የጓዳውንና የንግዱን ብር መለየት፣ ጉልበትንም በዋጋ መቁጠር ይሁን። ከዚያ ገበያ መፈለግ፣ ዕድል ማየት፣ ከሌሎች የተለየ ነገር ማቅረብ ይቀጥል። ሁላችንም አንድ ዓይነት እንጀራ ጋግረን ለአንድ ሰፈር ብናቀርብ እርስ በርሳችን እንጠፋፋለን።

ሦስተኛ፣ ከሥልጠናው ሰዓት ላይ ለሕግ ጊዜ ይመደብ። የይዞታ ደብተሩ፣ የንግድ ፈቃዱ፣ የባንክ ደብተሩ በማን ስም ነው? የቤተሰብ ሕጉ ምን ይላል? ሕጉ ከተለወጠ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ብዙዎቻችን ግን አሁንም የምንኖረው በ1952ቱ ነው። የሚፈቅዱ ባሎችም በዚህ ክፍል ቢገኙ መልካም ነው፤ ቤቱ የሁለቱም ነውና።

አራተኛውን ለደጋፊዎቻችን በአክብሮት እናቀርባለን። የሠለጠነች ሴት ቁጥር ለሪፖርት ይቀላል፤ ውጤቱን የሚያሳየው ግን ከዓመት በኋላ ያለው ደብተሯ ነው። ስለዚህ ከሥልጠናው በጀት ከፊሉ ለክትትል ይዋል እንላለን፤ በየወሩ አባሏን ሥራዋ ቦታ ሄዳ የምታይ፣ ሒሳቧን አብራ የምታነብ፣ ሲጠምባት የምታበረታ አንዲት ልምድ ያላት እህት ትመደብ። በዚህ ምክንያት የሠልጣኞቹ ቁጥር ቢያንስ ተቃውሞ የለንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ሎሚው የሚከፋፈለው ግን ሸክሙን አብሮ የሚያነሣ ሲኖር ነው።

ሐሳባችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ለውይይት ይቀርባል። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ አባላት ጽፋችሁ ለጸሐፊዋ ብታደርሱ በመጪው እትም ይወጣል። መጻፍ የማይመቻችሁም በቡድናችሁ ጸሐፊ በኩል በቃል አስመዝግቡ። የምስክር ወረቀቶቻችን ከግድግዳው አይውረዱ፤ አጠገባቸው ግን በስማችን የተጻፈ ደብተር ይሰቀል።